የሰባት ቁጥር በሽታ

«በራሱ» የሚለውን ቃል አልወደውም። በሃያ ሁለት ዓመት የምርመራ ሥራዬ ብርጭቆ በራሱ ሲሰበር፣ በር በራሱ ሲከፈት፣ ቢላዋ በራሱ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ሰምቻለሁ። ቤቴም ያው ነው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ከቤታችን የሚጠፋ ዕቃ ሁሉ የሚጠፋው በራሱ ነው። ስለዚህ ዓርብ ቀትር ላይ በክር ፋብሪካው የፊት በር ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያገኘሁት ጥበቃ፣ ገና ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው «በራሱ ዘጋ» ሲለኝ ፊቴን ሳላጠቁርበት አልቀረሁም።

ከኋላው የጥበቃ ክፍሉ ተከፍቶ ነበር። አራት ሰው ከገባበት የሚጣበብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ አሸዋ የተሞላ በርሜል። ሟቹ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል በጀርባው ወድቋል። ጥይቱ በደረቱ በግራ በኩል ገብቷል። ቀኝ እጁ አንድ ነገር ሊቀበል እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«ቀልዴ ነው የሚሉት፣ አለቃ» አለኝ ሳጅኑ ማስታወሻውን እያየ። «ፋብሪካው በሙሉ የሚያውቀው በዚህ ስም ነው። የጠዋቱ ተረኛ ነበር። የተኮሰው ደግሞ የከሰዓቱ። እሱን ዝምተኛው ይሉታል።»

ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ካዝና ከመሰካትዎ በፊት ወደ አሸዋው ይዙሩ» የሚል ተለጥፏል። የርክክቡ ሥርዓት ቀላል ነው። ሌሊት ሽጉጦቹ ተቆልፈው ስለሚያድሩ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉት ቀትር ላይ ብቻ ነው። ወጪው ተረኛ የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ ከፍቶ ይተወዋል፤ ካዝናውንም አውጥቶ ጎኑ ያስቀምጣል። ገቢው ባዶ መሆኑን አይቶ ወደ አሸዋው ይዞራል፣ ካዝናውን ይሰካል፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት ይጫናል። ምላስ ይሏታል። እሷ ስትለቅ ተንሸራታቹ ወደፊት ሄዶ ጥይት ያጎርሳል።

ደረጃው ላይ ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ወደ አሸዋው ዞረህ ነበር?»

«አልዞርኩም።»

«ለምን?»

«ማንም አይዞርም። ካዝናውን እያወራን እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንሰካለን። የምንዞረው ልንዘጋው ስንል ነው። ምላሷን ካልተጫንናት አትዘጋማ። ይቺ የፊት በር ሽጉጥ፣ አስራ ሁለት ቁጥር፣ በራሷ ዘግታ አታውቅም።»

«ጣትህስ የት ነበር?»

ጣቱን አየው። «ቃታው ላይ። መሆን አልነበረበትም።»

«ከመሞቱ በፊት ምን አለህ?»

«የጭነት መኪና በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ ነበር፣ ቸኩያለሁ። እሱ ‹ቆይ፣ ቀስ› አለኝና እጁን ዘረጋ። እኔ ካዝናውን በመዳፌ መትቼ አስገባሁት። ብረቱ ጯ ብሎ ሄደ። ደነገጥኩ፣ እጄም ጨበጠ።»

ሳጅኑ ወደ ጎን ወሰደኝ። «‹ቆይ፣ ቀስ› የሚለው እኮ ሊተኮስበት ያለ ሰው ነው፣ አለቃ።»

እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

የሟቹ ሚስት እዚያው ፋብሪካ የኋላ በር ላይ ጥበቃ ናት። ሴት ሠራተኞችን የምትፈትሽ እሷ ነች። ባሏን አይታ ስትወጣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ነበር። ዝምተኛው አጠገብ ስትደርስ ክንዷን አስለቀቀች።

«ምን አደረገህ?» አለችው። «ንገረኝ፣ ምን አደረገህ?»

እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷም ወደ እኔ ዞራ «ሆን ብሎ ነው» አለችኝ። «ይጻፍልኝ። ሆን ብሎ ነው።»

ጻፍኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሽጉጡን ይዘን የድርጅቱ መሣሪያ ጥገና ክፍል ሄድን። የእኛ ባለሙያ አሻራውንና ፎቶውን ጨርሷል፤ አሁንም ከእኛው ጋር መጥቶ ቆሟል። ጠጋኙን ጋሽ ዘይቱ ይሉታል፤ እጁ ታጥቦም የሽጉጥ ዘይት ይሸታል። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል። አስራ ሁለት ቁጥር ጤነኛ መሆኗን ከስምንት ቀን በፊት መርምሮ የፈረመው እሱ ነው። ፊርማውን ሳሳየው መነጽሩን አወለቀ።

«ፊርማው የእኔ ነው፣ ልጄ። ሽጉጧ ጤነኛ ነበረች። ስጪኝ እስቲ።»

ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ካዝናው ውስጥ ሞላ። ተንሸራታቹን ስቦ ከፈተ፣ ወደ አሸዋ ሣጥኑ ዞረ፣ ካዝናውን በመዳፉ መትቶ አስገባ። ተንሸራታቹ ምላሱን ማንም ሳይነካው ወደፊት ተወርውሮ ተዘጋ። እንደገና አደረገው። ከአስሩ ዘጠኙን ጊዜ በራሱ ዘጋ። አዎ፣ በራሱ። ያንን የጠላሁትን ቃል ራሴ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ጋሽ ዘይቱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ይቺ አይደለችም» አለ። «ይሄ የሰባት በሽታ ነው።»

«የማን?»

«የሰባት ቁጥር። የኋላ በር ሽጉጥ። ምላሷ አርጅታለች፣ ጥርሷ ተበልቷል፣ ካዝና ጠንከር ብሎ ሲገባ ትለቃለች። ሦስት ጊዜ ‹ከሥራ ትነሣ› ብዬ ጽፌያለሁ።» ከመሳቢያው ሦስት ደብዳቤ አወጣ። በሦስቱም ኅዳግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ምትክ እስኪመጣ በጥንቃቄ ይሠራባት» የሚል አለ፤ ከሥሩ የጥበቃ ኃላፊው ፊርማ። «አዲስ ምላስ ሰኞ ይገባል ተብዬ ነበር። ቀልዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየቀኑ እየመጣ ‹ጋሽዬ፣ ሰኞ መቼ ነው?› እያለ ያሾፍብኝ ነበር።»

«የኋላ በሯን ሽጉጥ ማን ነው የሚይዛት?»

«ሚስቱ ናታ።»

ሳጅኑ ሄዶ ሰባት ቁጥርን ከኋላ በር ተረኛዋ ተቀብሎ አመጣ። ጋሽ ዘይቱ መታት። ተንሸራታቹ እንደተከፈተ ቀረ። ደግሞ መታት፣ ቀጥሎም እኔ መታሁ፣ መዳፌ እስኪቀላ። አንድም ጊዜ አልዘጋችም። የታመመችው ድናለች፣ ጤነኛዋ ታማለች።

ሽማግሌው ሁለቱንም ፈታታቸው። ምላሶቹን አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አኖራቸው። ከአስራ ሁለት ቁጥር የወጣችው ምላስ ከውስጥ በኩል አንዲት ቀይ ነጠብጣብ አላት።

«የጥፍር ቀለም ነው» አለ። «የሟች ባለቤቴ ብልቃጥ ነበር። የሚጣለውን ብረት ከደህናው እንዳይደባለቅብኝ በሱ ነው ምልክት የማደርገው። ይቺን ነጠብጣብ ሰባት ላይ ነው ያደረግኋት።»

«ታዲያ አስራ ሁለት ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ሰው ቀይሯታል። ሌላ ምን ልበልሽ?»

«ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ለሚያውቅ ሦስት ደቂቃ። ሚስማርም ቢሆን ይበቃዋል።»

«ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

ዘይቱን ከጣቱ ጠረገ። «ቀልዴና ዝምተኛው ሥራ ሲፈቱ እዚሁ ነበር የሚውሉት። አብረውኝ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። ክልክል ነው፤ አውቃለሁ። ሽማግሌ ሰው ብቻውን ሲውል ይሰለቸዋል።»

ከኋላዬ የሳጅኑ እስክሪብቶ ሲሮጥ ይሰማኛል። አደጋ የነበረው ጉዳይ ጨርቁ ላይ ነፍስ ግድያ ሆነ። ሰው ቂም የያዘበትን ሊገድል ሲያስብ የታመመችውን ምላስ አስቀድሞ የራሱ ተራ ላይ ወዳለችው ሽጉጥ ያዛውራል፤ ከዚያ ይተኩስና «በራሱ ዘጋ» ይላል። ብትፈተሽም በራሷ ትዘጋለች። የተዋጣለት ነበር፤ ሰባት ቁጥርን የሚጠይቅ ባይመጣ።

የጥበቃ ኃላፊው ቢሮ ምንጣፍ አለው። ሰውየው እኔን ሲያይ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ስለ ሦስቱ ደብዳቤዎች ስጠይቀው «በጀት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ደግሞ ሰውየውን የገደለችው ሰባት አይደለችም። ጤነኛ ብሎ የፈረመውን ሽማግሌ ይጠይቁ።»

«ምላሷ ተቀይራለች።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎት። ዝምተኛው ልጅቷን ሊያገባት ጠይቋት ነበር፤ ሟቹን ሳታገባ። እምቢ ብላዋለች። ይሄን የማያውቅ ሠራተኛ የለም።»

ሳጅኑ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ሳይዘጋ «አለቀ» አለ። «ዘዴውም አለ፣ ምክንያቱም አለ። እሑዴን ቤቴ ላሳልፍ ነው።»

«ገና ነው» አልኩት። ለምን እንዳልኩት ያኔ አላውቅም። ምናልባት የኃላፊው ፊት መብራቱ አላምር ብሎኝ ይሆናል።

እሑድ ጠዋት ዝምተኛውን ከእስር ክፍሉ አስመጣሁት። ዓይኑ አብጧል። ሻይ አስቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«ወደሃት ነበር?»

«ድሮ።»

«አሁንስ?»

«አሁን የጓደኛዬ ሚስት ናት።»

«ሰባት ቁጥርን ይዘህ ታውቃለህ?»

«የኋላ በር ረግጬ አላውቅም። ይጠይቁ።»

«አስራ ሁለትስ? በዚህ ሳምንት ከፊት በር ወጥታ ታውቃለች?»

ዝም አለ። ስሙ የወጣለት በዚህ መሆኑን አየሁ። አፉን ከፈተ፣ ከደነው። ሳጅኑ ጠረጴዛውን በጣቱ ቆረቆረ።

«እንዲህ ነው የምትከላከለው?» አልኩት። «አንተን አንቆ የሚይዝህ ጥያቄ እኮ ይሄ ነው።»

«አላውቅም።»

«ሐሙስ ስትረከባትስ? ያኔም መታሃት?»

«አልመታኋትም። ሐሙስ እሱ ራሱ ነው ወደ አሸዋው ዞሮ፣ ሰክቶ፣ ዘግቶ የሰጠኝ። ‹ዛሬ እኔ ላጉርስህ› አለኝ። ሁሌም ይቀልዳል።»

ሳጅኑ ሣቀ። በሞተ ሰው አፍ ቃል ማስገባት ቀላል ነው አለኝ ኮሪደሩ ላይ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የፊት በሩን መዝገብ ይዞ እየተጣደፈ መጣ። ሐሙስ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ከአርባ አምስት የገቡት የሦስት መኪኖች ሰሌዳ ተመዝግቧል። የጠዋቱ ሌላ መስመር ሁሉ የቀልዴ ጽሕፈት ነው፤ እየተጠማዘዘ የሚሄድ። እነዚያ ሦስት መስመሮች ግን ቀጥ ያሉ፣ የተጨቆኑ ፊደሎች ናቸው።

«የዝምተኛው እጅ ነው» አለ ሳጅኑ። «ተራው ሳይደርስ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር። ከአስራ ሁለት ጋር። አሁንስ ምን ይሉኛል?»

መዝገቡን ደጋግሜ አየሁት። ትክክል ነው፤ ዝምተኛው እዚያ ነበር። ግን ተረኛው ቀልዴ ነው፣ ተረኛ ደግሞ ሽጉጡን ከወገቡ አይፈታም። እንግዲህ ለአስራ አምስት ደቂቃ ከነሽጉጧ የጠፋው ዝምተኛው አይደለም።

«ሳጅን» አልኩት፣ «ቀልዴ የት ሄዶ ነበር?»

የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ አንዲት ክፍል ናት ቤታቸው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች ሲያዩኝ አንድ በአንድ ወጡ። ሚስትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባሏን የደንብ ልብስ ታጥፋለች። ኮቱ፣ ሱሪው፣ ቀበቶው። ድርጅቱ እስከ ሰኞ ንብረት ይመለስ ብሏት ነው።

«ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባልሽ የት ነበር?»

«ሥራው ላይ።»

«መዝገቡ ላይ ያለው የእሱ እጅ አይደለም።»

እጅጌውን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ሰባት ቁጥር በራሷ ትዘጋብሽ ነበር?»

«ትዘጋ ነበር። በገባሁ ቁጥር እፈራት ነበር። ማታ ማታ ለእሱ ነበር የምነግረው።»

«እስከ መቼ ነው የዘጋችው?»

ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ደጅ ሴቶቹ ሲያወሩ ይሰማል።

«እስከ ሐሙስ» አለች።

«ሐሙስ ምን ሆነ?»

«ምሳዬን ረስቼ ነበር፤ ይዞልኝ መጣ። በር ጥሎ መምጣት ያስባርራል፣ ጓደኛው ተክቶት ነው። ‹ያቺን ቆሻሻ አምጪ እስቲ ልጥረግልሽ› አለኝ። ሽጉጡን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። የራሱንም አውጥቶ ነበር መሰለኝ፣ ሠራተኞች ሲወጡ እየፈተሽኩ ስለነበር አላየሁትም። ሲመልስልኝ ‹በይ አሁን እንዳሻሽ ምቻት፣ አትነክስሽም› አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሣቅኩ። ያኔ ሣቅኩ።»

«ዓርብ ጠዋት ስትሰኪያትስ?»

«አልዘጋችም። ጋሽ ዘይቱ የሠራት መሰለኝ። ልቤ ዐርፎ ዋልኩ። ትናንት ነው የገባኝ። የበሯ ተረኛ ልታጽናናኝ መጥታ ‹ሰባት ድናለች፤ ፖሊሶቹ ቢመቷት ቢመቷት አልዘጋ አለች፤ አሁን የታመመችው አስራ ሁለት ናት› አለችኝ።»

«ገብቶሽም ዝም አልሽ? ሰውየው በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ነው እኮ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ተናድጃለሁ።

«አውቃለሁ።»

«ያን ያህል ትጠይዋለሽ?»

«አልጠላውም።» አሁን ቀና ብላ አየችኝ። «ገዳይ ቢኖረኝ ስለሚሻለኝ ነው። እሱ ካልገደለው ማን ገደለው? እኔ ነኛ! በየማታው እየመጣሁ ፈራሁ ያልኩት እኔ። የኔን በሽተኛ ምላስ ወስዶ ወገቡ ላይ ታጠቀው። ለአራት ቀን፣ እስከ ሰኞ ብቻ። ይሄን ታቅፌ እንዴት ልኑር፣ እህቴ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው መርዶ አርድቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን የሚያጽናና ቃል ግን አንድም አልተማርኩም። ቦርሳዬን ከፍቼ የጋሽ ዘይቱን ሦስት ደብዳቤዎች አልጋው ላይ ዘረጋሁላት። በጣቴ ኅዳጉን አሳየኋት። «በጥንቃቄ ይሠራባት።» ሦስት ጊዜ፣ በሰማያዊ።

«ገዳይ ከፈለግሽ ጽሕፈቱ ይኸው» አልኳት። «አንቺ አይደለሽም።»

ለረጅም ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የደንብ ልብሱን አንስታ ፊቷ ላይ አደረገችውና አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ቃሏን ሰጥታ ፈረመች።

ሰኞ ጠዋት ዝምተኛውን ከነፍስ ግድያው ክስ አወጣሁት። ቃታ ላይ ያረፈው ጣትና ወደ አሸዋው ያልዞረው ገላ በቸልተኝነት ያስጠይቁታል፤ ያን መዝገብ አልዘጋሁትም፣ እሱም እንድዘጋለት አልጠየቀኝም። ሐሙስ ቀልዴ በር ጥሎ እንደሄደ ለምን እንደደበቀ ጠየቅኩት።

«እንዳያባርሩት» አለ። ከዚያ ያለውን ሰማና አፈረ። «እንዳያባርሯት ማለቴ ነው። እሷን።»

በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ዓርብ ‹ቆይ› ሲለኝ፣ እጁን የዘረጋው ሽጉጡን ሊቀበለኝ ነበር?»

«አዎ። ሐሙስ እንዳደረገው ራሱ ሊሰካልህ።»

ራሱን ነቀነቀና ወጣ። በመስኮት ሳየው መንገዱን ሳያቋርጥ ብዙ ቆየ።

የጥበቃ ኃላፊው ላይ የጻፍኩት አሥራ አንድ ገጽ ከእነ ሦስቱ ደብዳቤዎች ለዐቃቤ ሕግ ሄዷል። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሰውየው ስልክ ደውሎ «ሟቹ ራሱ አይደለም እንዴ የቀየረው?» ብሎኛል። ስልኩን ዘጋሁበት።

ከሰዓት በኋላ እንደነበሩ የተገጠሙትን ሁለቱን ሽጉጦች ይዤ ፊርማ ልቀበል ጋሽ ዘይቱ ዘንድ ስሄድ ሚስትየዋን እዚያ አገኘኋት። የታጠፈውን ልብስ ልትመልስ መጥታ ነው። ጠረጴዛው ላይ አዲሲቱ ምላስ ከእነ ወረቀቷ ተቀምጣለች፤ በቀጠሮዋ ደርሳለች። ሽማግሌው ዓይኑን ከእሷ ላይ ማንሣት አቅቶታል።

«ሰባትን ስጡኝ» አለች።

ጋሽ ዘይቱ ወደ እኔ አየ። ሽጉጧ ኤግዚቢት ናት፤ አይፈቀድም። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ባሩድ የሌላቸውን ጥይቶች ካዝናው ውስጥ ሞልቶ፣ ተንሸራታቹን ስቦ ከፍቶ ሰጣት።

ወደ አሸዋ ሣጥኑ ዞረች። ጣቷ ከቃታው ውጭ ቀጥ ብሎ ነበር። ካዝናውን አስገብታ በመዳፏ መታችው። ሽጉጧ እንደተከፈተች ቀረች። አውጥታ እንደገና መታች፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ ከዚያ እኔም ሽማግሌውም መቁጠሩን ተውን። ባላት ኃይል ሁሉ ትመታለች፣ ክፍሉ በሙሉ ያስተጋባል።

«ይበቃሻል፣ ልጄ» አለ ጋሽ ዘይቱ። «እጅሽ ደማ።»

ሽጉጧን ክፍቷን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችና መዳፏን አየችው።

«እንዳለኝ ነው» አለች። «አልነከሰችኝም።»